«ዘር ነው» ከተባለ በኋላ

ጎንደር ላይ፣ ይልቁንም ከከተማው ወጣ ሲባል በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ነገር ይጣራል። አንዱ ሥጋ ዝምድና ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሌላው በጎረቤትና በአበልጅ በኩል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ነው፤ በዘራቸው ዝሆኔ አለ ወይ? የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ነበር ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ በስም በስም የተዘረዘረ መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ግን «ዘር ነው» ወይም «ዘር አይደለም» ከተባለ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ዘር መሆኑ ይሁን፤ በየትኛው መንገድ የሚወርድ ዘር? ከአንድ ዘረመል ነው ወይስ ከብዙ መቶ? ከእናት ብቻ ነው ወይስ ከሁለቱም? ደጋ ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ቆላ ሲወርድም ያሳያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰሜን ጎንደር ደጋና ከዚያ የወጡ ሰዎች ለሳይንሱ ያበረከቱት ማስረጃ፣ በትምህርት ቤት ከምንማረው የአተር ምሳሌ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል።

አስቀድሞ ለሰባት ቤት ቆጠራ የሚገባውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። ግሪጎር ሜንዴል በ1866 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የአተር ጥናት ያሳየው፣ አንድ ባሕርይ ከአባትና ከእናት በሚገኝ ጥንድ እንደሚወሰን፣ ከጥንዱም አንዱ ገዢ ሆኖ ሌላውን ሊሸፍነው እንደሚችል ነው። የተሸፈነው፣ ማለትም ድብቁ፣ በሽታ ሆኖ የሚገለጠው ከሁለቱም ወገን ሲመጣ ብቻ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ድብቅ በሽታዎች የሚበዙትም ስለዚህ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ተጋብተው በሚወልዱት ልጅ ላይ፣ በአማካይ ከ16 የዘረመል ሥፍራዎች በአንዱ ያለው ጥንድ ከአንድ አያት የተቀዳ ፍጹም ተመሳሳይ ቅጂ ይሆናል። የባልና የሚስት የጋራ ቅድመ አያቶች 7 ትውልድ ወደ ላይ ከራቁ ግን ያው ስሌት ከ16,384 አንድ ይሆናል። በክርስቲያኑም በቤተ እስራኤሉም ጎንደሬ ዘንድ የኖረው ይህ ወግ፣ ለድብቅ በሽታ ያለ ላቦራቶሪ ሊገኝ ከሚችል መከላከያ ሁሉ የጠነከረ ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ ስማቸው የሚነሳ በሽታዎች ግን በአብዛኛው የአተሩን ሕግ አይከተሉም። ሰባት ቤት ስለተቆጠረ አይጠፉም፤ በአንድ ዘመድ ላይ ስለታዩም በልጅ ላይ ይደገማሉ ማለት አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባት እናት ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት በሽታው ጨርሶ አይይዛቸውም። ሆኖም ስንት ልጃገረድ በዚህ የተነሳ ሳታገባ ቀርታለች።

ለዚህ መዛባት ትምህርት ቤትም ድርሻ አለው። በባዮሎጂ ክፍል ተማሪው የጎረቤቱን ጆሮ እያየ «የተንጠለጠለ ገዢ፣ የተጣበቀ ድብቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ምላሱን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ያሳያል። ሁለቱም ምሳሌዎች ስሕተት ናቸው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንታዎች አንዱ ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው እንደማይችል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ የጆሮን ጫፍ ቅርጽ በመወሰን የሚሳተፉ 49 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። በቁመት ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል፤ በ2022 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት 12,111 ልዩነቶችን ቆጥሯል። እያንዳንዱ በሚዛን ላይ እንዳለ የጤፍ ቅንጣት ነው፤ ብቻውን ሚዛኑን አያነቃንቅም፣ ሲከማች ግን ይደፋዋል። እንዲህ ያለው ውርስ የሜንዴልን ሕግ እንደማይሽር እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1918 በሒሳብ አሳይቷል። እያንዳንዷ ቅንጣት በአተሩ ሕግ ትወርዳለች፤ የድምሩ ባሕርይ ግን ገዢና ድብቅ የሚባል ነገር አያውቅም።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአንድ የጎንደር ቤት ከአንድ አባትና እናት ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር ልጆች ይወለዳሉ፤ ሐሜተኛ ካልሆነ በቀር የሚደነቅም የለም። ጉዳዩ በገዢና በድብቅ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ሁለት ዓይነት መልክ እንጂ ይህ ሁሉ ደረጃ ባልኖረ ነበር። በ2017 የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የተሰበሰበ ናሙና መርምሮ፣ በአፍሪካውያን የቆዳ ቀለም ላይ የሚሠሩ በርካታ ሥፍራዎችን አሳይቷል። ቆዳን የሚያቀሉትም የሚያጠቁሩትም ልዩነቶች በአፍሪካ ውስጥ እጅግ የቆዩ መሆናቸው ከውጤቶቹ ዋነኛው ነበር። ወላጆች ቅንጣቶቹን ደባልቀው ስለሚያስተላልፉ፣ ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ሊቀላ ወይም ሊጠቁር ይችላል።

ከየትኛው ወላጅ መጣ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይከፍታል፤ ለዚህ የደጋው ሰው ጥሩ አስተማሪ አለው፣ በቅሎ። አባቷን ሲጠይቋት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እየተባለ የምትታማው በቅሎ፣ ከባዮሎጂ አንጻር ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም። የአህያ አባትና የፈረስ እናት ልጅ ናት። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው እርሷ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ ይህ ጎዶሎ ቁጥር ዘር የመተካት አቅሟን አሳጥቷታል። ወላጆቹ ተቀያይረው ፈረስ አባት፣ አህያ እናት ሲሆኑ ግን የሚወለደው በመልክም በጠባይም ከበቅሎ የተለየ ነው፤ የዘረመሉ ድብልቅ ግማሽ ፈረስ ግማሽ አህያ ሆኖ ሳለ! ከምክንያቶቹ አንዱ፣ አንዳንድ ዘረመሎች ከአባት ወይም ከእናት መምጣታቸው ታትሞባቸው፣ አንደኛው ቅጂ ብቻ እየሠራ ሌላው ዝም የሚል መሆኑ ነው። በሰውም በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ክፍል ሲጎድል፣ ጉድለቱ ከአባት ከመጣ አንድ ሕመም፣ ከእናት ከመጣ ፈጽሞ ሌላ ሕመም ይሆናል።

በቅሎ በእናቷ መመካቷ በሌላ በኩልም እውነት አለው። በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ እርሱም የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ይወርሰዋል እንጂ አያወርሰውም። አንዳንድ ሰዎች በጥቂት ስትሬፕቶማይሲን ወይም ጄንታማይሲን መርፌ ሳቢያ የሚደነቁሩት በዚሁ ዲኤንኤ ላይ ባለች አንዲት ለውጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው ስለ እናት፣ ስለ እናት እናትና ስለ አክስቶች ነው፤ የአባት ወገን ለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም።

ይህ የእናት መስመር ለታሪክ ጥናትም መሣሪያ ሆኗል፤ ብዙ ያልተገባ ድምዳሜም ተንጠልጥሎበታል። ከወለቃና ከአምቦበር አካባቢ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በማይቶኮንድሪያም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚወርደው የዋይ ክሮሞሶምም፣ በ2010 በተደረገው የመላው ዘረመል ንጽጽርም፣ ይበልጥ የሚቀርቡት ለኢትዮጵያዊ ጎረቤቶቻቸው ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ተነስቶ ስለ እምነታቸውና ስለ ጥንተ ነገራቸው ፍርድ መስጠት ግን ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ማሠራት ነው። ሰባት ቤት ወደ ላይ የቆጠረ ሰው በ7ኛው ትውልድ 128 አያቶች አሉት። ማይቶኮንድሪያ ከእነዚህ ስለ አንዲቱ፣ የዋይ ክሮሞሶም ስለ አንዱ ብቻ ይመሰክራሉ። የቀሩት 126 በእነርሱ አይታዩም።

ስለ እናት ካነሣን፣ ሩሲያዊው የሰብል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በጎንደር በኩል ሲያልፍ የሰበሰበው የኢትዮጵያ ደጋ ስንዴና ገብስ ዛሬም ድረስ የሚጠና ነው። የአገራችን ሐምራዊ ስንዴ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ቀለሙ ያለው በፍሬው ልባስ ላይ ነው፤ ልባሱ ደግሞ የእናቲቱ አካል ነው። ስለዚህ ነጭ ስንዴ በሐምራዊ ቢዳቀል ፍሬው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የአባቱ ሐምራዊነት የሚታየው ያ ፍሬ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ ራሱ ሲያፈራ ነው። ውርሱ አንድ መኸር ይዘገያል። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው «አባት አላወረሰም» ብሎ ይፈርዳል።

ከመስመር ወደ ብዛት እንለፍ። በትምህርት ቤት እያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ አለው ተብለናል፤ ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ግን በዚህ ልክ አንገባም። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊት የመድኃኒት ሊቅ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ዘረመል ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘውት ተገኝተዋል፤ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ። በስዊድናውያን ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። እዚህ ገዢም ድብቅም የለም፤ ቅጂው በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። ውጤቱም በሐኪም ቤት የሚታይ ነው። የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን የሚሠራው በዚህ ዘረመል ውጤት አማካይነት ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው፤ ብዙ ቅጂ ባለው ልጅ ላይ ለውጡ ፈጥኖ እስትንፋስ ሊያቆም ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያው ቡድን በ2002 ያሳተመው ነው። በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ተመረመሩ። የዘረመል ዓይነታቸውና የቅጂ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ ሰዎች እንኳ፣ አገር ቤት ያሉት መድኃኒቱን የሚሰባብሩት በዝግታ ነበር። አጥኚዎቹ የጠረጠሩት ምግብን ጨምሮ የአካባቢን ተጽዕኖ ነው። አንድ ዘረመል፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ፍጥነት።

የአካባቢ ተጽዕኖ ከተነሣ፣ ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚዘልቅ መንገደኛ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ የአምባራስ መንደር ልጅ ከበጎቹ ኋላ ዳገቱን እየሮጠ ይወጣዋል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ጋር በ2002 ያሳተመችው ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው ኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ነበር፤ ማለትም ከባሕር ወለል ነዋሪ ብዙም የማይለይ። የደቡብ አሜሪካው አንዲስ ደገኛ ደሙን አወፍሮ ይቋቋማል፣ የቲቤቱ ሰው ደሙ ሳይወፍር ዝቅተኛ ኦክስጅንን ችሎ ይኖራል፤ የስሜኑ ሰው ሁለቱም ምልክት የለበትም። ለአንድ ዓይነት ችግር ሦስት ዓይነት መፍትሔ መኖሩ ብቻውን፣ «የከፍታ ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ያሳብቃል።

ቀጥሎ የመጡት ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ። በ2012 በአማሮችና በኦሮሞዎች ላይ፣ ከየወገኑ ደገኛና ቆለኛ እየተመረጠ በተሠራ ጥናት፣ በቲቤት ሄሞግሎቢንን የሚቆጣጠሩት ልዩነቶች እዚህ ምንም ሥራ እንደሌላቸው ታየ። በዚያው ዓመት የቲሽኮፍ ቡድን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጉርጃ በላይ የተሳተፈበት፣ በአማሮች ዘንድ ሌሎች ተጠርጣሪ ዘረመሎችን ጠቆመ። ስሜን ላይ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ቢያንስ ለ5,000 ዓመት ያህል ኖሯል፤ የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ግን ወደ ከፍታው የወጡት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው የ2012 ጥናት ዲኤንኤው ራሱ ሳይለወጥ በላዩ የሚለጠፈው ኬሚካላዊ ምልክት በደገኛና በቆለኛ መካከል ተለይቶ የተገኘው በኦሮሞዎቹ ዘንድ ነው። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልመዝንበትም፤ ሆኖም ፊደሉ ሳይቀየር አነባበቡ በኑሮ ሊቀየር እንደሚችል የሚያሳይ ፍንጭ ነው።

ወደ ዝሆኔ ስንመጣ ቀልድ የለም። ብሔራዊው የዝሆኔ ካርታ ሥራ ከተመረመሩት ውስጥ ወደ 4 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታውን አግኝቷል፤ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር፣ ብዙ ዝናብና ባዶ እግር በተገናኙበት ደጋ ይበረታል። የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧን እንደሚያበላሹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባካሄደው ሥራ አሳይቷል። ታዲያ አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ብቻ ለምን ይታመማል? በ2007 የጌይል ዴቪ ቡድን ከወላይታ ቤተሰቦች ባገኘው መረጃ፣ የበሽተኛ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ተጋላጭ ሲሆን፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 ደግሞ ቁልፉ የሰውነትን መከላከያ በሚቆጣጠረው የኤችኤልኤ አካባቢ እንዳለ አሳዩ።

ስለዚህ ጎረቤት «ዘር ነው» ሲል ከ63 በመቶው አንጻር አልተሳሳተም። ከቤተሰቡ ጋር አለመጋባቱ ግን ከዚህ አይከተልም፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ተጋላጭ ሰው ዝሆኔ አይይዘውም። 63 በመቶ የሚለው ቁጥርም የሚናገረው ሁሉም በባዶ እግር ስለሚሄድበት መንደር ነው። ሁሉም ጫማ ባደረገበት መንደር የሚለካ በሽታ ራሱ አይኖርም። የዘር ድርሻ ቁጥር የተለካበት ቦታ ንብረት ነው፤ ከቦታው ሲነቀል ትርጉሙን ያጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጉዳይ ጠቅልሎ የያዘው የጎንደር ስኳር በሽታ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን ፈላጊ ሕሙማን ከሕክምና መጽሐፉ ጋር አልገጠሙም። መጽሐፉ ስለ ሕፃናት ያወራል፤ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ወጣት ገበሬ ወንዶች፣ ከሲታ፣ ቁመታቸው የቀጨጨ፣ እጅግ ድሆች ናቸው። ዶ/ር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር የሚባለው የተዘጋ መዝገብ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። ከቦታው ያገኙት ተሞክሮ ወደዚያ ይገፋቸው ነበር።

እኚሁ ሐኪም ከሌሎች ጋር በ2020 ተመልሰው የመጡት ጥርጣሬውን ራሱን በሚፈትን ጥናት ነው። ዕድሜያቸው እስከ 35 የሆነ 236 አማራ ሕሙማን ከ200 ጤነኞች ጋር ተነጻጸሩ። በሽታው በ15 ዓመትና ከዚያ በታች የጀመራቸው 15.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰውነት የራሱን ቆሽት እንደሚወጋ የሚያመለክተው ፀረ አካል፣ እስከ 15 ዓመት ከጀመራቸው በ86.1፣ ከ16 እስከ 25 ከጀመራቸው በ59.7፣ ከ26 እስከ 35 ከጀመራቸው በ50 በመቶው ተገኘ። ዲአርቢ1 በሚባለው የኤችኤልኤ ዘረመል ሁለት ዓይነቶች በሽታውን ሲጠሩ አንዱ ይከላከል ነበር። በዚህ ዘረመል ከአባትም ከእናትም የመጣው እኩል ይገለጣል፤ የደም ዓይነት ኤቢ የሆነ ሰው ኤንም ቢንም እንደሚያሳይ ማለት ነው። ከአውሮፓውያን መረጃ የተቀመረው የተጋላጭነት ነጥብም በአማራዎቹ ሕሙማን ከጤነኞቹ ከፍ ብሎ ታየ። ከራሳቸው ቀዳሚ ግምት በተቃራኒ የሚቆም ውጤት ይዞ መምጣት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብርቅ ነው፤ ጎንደሮች ግን አደረጉት።

በሽታው ራስን የመውጋት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዘር ምን ያህል ይናገራል? ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲታመም ሌላውም ታሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል የተሻገሩት ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይመሰክራሉ፤ በ1988 የታተመ ጥናት ገና ወጣት በሆኑት ኢትዮጵያውያን መጤዎች ላይ ከፍተኛ የስኳር በሽታ መጠን አግኝቷል። በጥቂት ዓመት ዘረመል አይለወጥም፤ የተለወጠው ገበታውና ውሎው ነው።

ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት የሚመጣውን «ዓይነት 5» ብሎ ሲቀበል፣ የጎንደር መረጃ እንዲህ ያለ ዓይነት አለ ለሚለውም የለም ለሚለውም ወገን ተከራካሪ ሆነ። አብዛኞቹ ሕሙማን ሰውነት ራሱን የሚወጋበት የዓይነት 1 አሻራ አለባቸው፤ ከ25 ዓመት በኋላ ከታመሙት ግን ግማሾቹ ፀረ አካል የለባቸውም። ልዩነቱ ለሕክምናው ከባድ ነው፤ ቆሽቱ ጥቂት ኢንሱሊን የሚያመነጭ፣ ሰውነቱም ለኢንሱሊን ስስ የሆነ ከሲታ ገበሬ በሙሉ መጠን ከተወጋና ራቱ ከዘገየ፣ ስኳሩ ወርዶ በዚያው ሌሊት ሊሞት ይችላል።

በሽታው ለምን ከ15 ዓመት በኋላ ያይላል ለሚለው ሁለት መላ ምት ቀርቧል። አንደኛው፣ በልጅነት የደረሰ ረሃብ ቆሽቱን አድክሞ የበሽታውን አካሄድ ቀይሮታል የሚል ነው። ሁለተኛው የሚያስጨንቀው ነው፤ ሕፃናቱ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ይታመማሉ፣ ነገር ግን ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ተብለው፣ ጎንደር ሳይደርሱ ይሞታሉ የሚል። ሁለቱን ለመለየት የዘረመል ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በየተራራው ጤና ኬላ ከጣት ደም ስኳር የሚለካ መሣሪያና የማይቋረጥ የመለኪያ ስትሪፕ ይበቃል።